በሚዶና በመቀስ፦ ለትራውት ማጥመጃ የሚሆን የክር ጠቋሚ አሠራር

አውሮራ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ጸጉር እሠራለሁ። ሹሩባ፣ አልባሶ፣ ቦክስ ብሬድ፣ ደንበኛ ያዘዘችውን ሁሉ። ሰኞ ሳሎኑ ዝግ ስለሆነ ወንዝ እወርዳለሁ። ይሄን የሰማ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ታዲያ ዓሣውን የት አደረግሽው?» ብሎ ነው። መለስኩት ስለው እንዴት እንደሚያዝንልኝ! እኔ የማጠምድበት ቺዝማን ካንየን ግን ሕጉ ራሱ ትራውቱን ሁሉ መልሱ ይላል። ደግሞ እኔን የያዘኝ መብሉ አይደለም፤ የእጅ ሥራው ነው።

ከእጅ ሥራው ውስጥ ቀላሉ የክር ጠቋሚ ነው። እዚህ ያርን ኢንዲኬተር ይሉታል። ሱቅ ውስጥ አንዱ ጥቂት ዶላር ነው። ግን ዛፍ ላይም ይቀራል፣ ድንጋይ ሥርም ይቀራል፣ ባለቀ ቁጥር መግዛት ያሰለቻል። አንድ ጥቅል ክር ገዝታችሁ አንድ ምሽት ቁጭ ካላችሁ የወቅቱን ሁሉ ትጨርሳላችሁ። እኔማ ግማሹ ዕቃ ሥራ ቦታዬ መሳቢያ ውስጥ አለ።

ለጀማሪ አንድ ነገር ልበል። ፍላይ ፊሺንግ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ውሃ ላይ የምትንሳፈፍ ሰው ሠራሽ ዝንብ ነው። ትራውት ግን አብዛኛውን ምግቡን የሚበላው ከውሃው በታች ነው፤ ከድንጋይ ሥር የሚወጡትን እጮች። ስለዚህ እጭ የሚመስል ነገር መንጠቆ ላይ ተሠርቶ ወደ ታች ይላካል። ኒምፍ ይባላል። ሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ ብዙ ጊዜ የምንጠቀምባቸው ርዝመታቸው ግማሽ ሴንቲ እንኳን አይሞላም። ዓሣው ኒምፉን አፉ ውስጥ ያስገባል፣ ምግብ አለመሆኑን ያውቃል፣ ይተፋል። ይሄ ሁሉ ዓይን እስኪጨፈን ነው። እጃችሁ ላይ ምንም አይሰማችሁም። ጠቋሚው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ውሃው ፊት ላይ ሆኖ ታች የሆነውን ይናገራል።

አየር የተሞላ የፕላስቲክ ኳስም ይሄንኑ ሥራ ይሠራል። ርካሽ ነው፣ አይሰምጥም፣ እንክብካቤ አይፈልግም። እኔ የምሄድበት ውሃ ላይ ግን አይመቸኝም። ከዴንቨር ደቡብ ምዕራብ፣ ከቺዝማን ግድብ በታች ያለው ውሃ ከማጠራቀሚያው ሥር የሚለቀቅ ነው። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1905 ያለቀ ነው። ውሃው ቀዝቃዛና ጥርት ያለ ነው፤ ታች ያለውን ጠጠር መቁጠር ይቻላል። እዚያ ያለው ዓሣ ደግሞ በየቀኑ አጥማጅ ያያል። በበረዶው ወራት ውሃው ሲቀንስ ኳሱ ጧ ብሎ ካረፈ አለቀ፤ የነበረው ዓሣ ሁሉ ይበተናል። ክር ሲያርፍ ድምፅ የለውም።

ክሩን መምረጥ

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ክሩ ፖሊፕሮፒሊን መሆን አለበት። አገር ቤት ማዳበሪያ የምንለው ከረጢት የሚሸመንበት ፕላስቲክ ማለት ነው። ይሄ ነገር ከውሃ ይቀላል። ውሃን 1 ካልን እሱ 0.9 ገደማ ነው። ውሃ አይመጥም። ምንም ባትቀቡትም ይንሳፈፋል።

ሌላው ክር በክብደቱ ይሰምጣል። የሹራብ ክር ተብሎ የሚሸጠው ብዙው አክሪሊክ ነው፤ 1.17 ገደማ። ናይለን 1.14፣ ፖሊስተር 1.38። ጥጥ 1.5 ሆኖ በላዩ ላይ ውሃ ይጠጣል። ደንበኞቼ ለሹሩባ የሚያመጡት ሰው ሠራሽ ጸጉርም ከውሃ ይከብዳል። እሱ ቢሆንልኝ ኖሮማ ከወለል ላይ የምጠርገው ብቻ ይበቃኝ ነበር።

የዓሣ ማጥመጃ ሱቆች ፖሊ ያርን በትንንሽ ማሸጊያ ይሸጣሉ። በብዛት የምትፈልጉ ከሆነ የእጅ ሥራ ዕቃ ሱቅ ግቡና ማክራሜ፣ ማለትም ገመድ እየተቋጠረ የሚሠራ ጌጥ፣ ዕቃው ያለበትን መደርደሪያ እዩ። የፖሊፕሮፒሊን ገመድ በትልቅ ጥቅል አለ። ተሸርቦ የተሠራ ቢሆንም ይፈታል። እዚያው አጠገቡ የጥጥ ማክራሜ ይቀመጣልና መለያውን ሳታነቡ አትክፈሉ። መቶ በመቶ ፖሊፕሮፒሊን ካላለ ተዉት።

መለያው የጠፋ ክር ቤት ውስጥ ካላችሁ መፈተኛው ቀላል ነው። አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጠብ አድርጉ። ትንሽ ቁራጭ ቆርጣችሁ አፍታቱና ውሃው ውስጥ እንዳለ በጣታችሁ ጭምቅ አድርጉት። አረፋው ይውጣ። ከዚያ ታች ላይ ልቀቁት። ቀስ እያለ ወደ ላይ ከመጣ ይሆናችኋል። ሳሙናውን አትዝለሉ፤ ያለ ሳሙና አክሪሊክም አየር ይዞ ለጊዜው ይንሳፈፍና ያታልላችኋል።

የበግ ጸጉር ከዚህ ሕግ የሚወጣ ነው። ኒውዚላንዶች አጥብቀው የሚወዱት እሱን ነው። በክብደቱ ከሄድን 1.3 ገደማ ስለሆነ መስመጥ ነበረበት። ግን የተፈጥሮ ቅባት አለው፣ ደግሞ ጥምዝ ስለሆነ በመሀሉ አየር ይይዛል። እንዲያውም እዚያ በታውፖ አካባቢ የዓሣ ማጥመድ ደንቡ ጠቋሚ ከተፈጥሮ ወይም ከሰው ሠራሽ ክር ብቻ ይሠራ ይላል። የፕላስቲክ ኳስ ይዛችሁ ብትሄዱ ጥፋት ነው። የበግ ጸጉር የምትጠቀሙ ከሆነ በሙቅ ውሃና በሳሙና እንዳታጥቡት። ቅባቱ ከሄደ ጥቅሙም ሄደ።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም። ብርቱካናማና ደማቅ አረንጓዴ ቢጫ ለአብዛኛው ቀን ይበቃሉ። ነጭ ብቻውን ጥሩ አይደለም፤ ወንዙ ላይ አረፋ ሲኖር ከአረፋው ይምታታል። ፀሐይ ፊት ለፊት ሆና ውሃው ሲያብረቀርቅ ደግሞ ከደማቁ ሁሉ ጥቁር ይሻላል፤ ብርሃኑ ላይ ጎልቶ ይታያል። እኔ ሁልጊዜ ሁለት ቀለም እቀላቅላለሁ። ጠቋሚው ሲያዘነብል ቀለሙ ቦታ ይቀይራል፤ ዓይን ያንን ቶሎ ይይዘዋል።

ቀለበቱ

ክሩ ሊደሩ ላይ የሚቀመጥበት ትንሽ ቀለበት ያስፈልጋል። ሊደር የምለው ከዘንጉ ወፍራም ገመድ ጫፍ የሚቀጠለውን ቀጭን የማይታይ ገመድ ነው።

ብዙ ሰው የሹሩባ ጫፍ የምናስርበትን ትንንሽ የጎማ ላስቲክ ይጠቀማል። ይሠራል። ግን በሙያዬ የማውቀውን ልንገራችሁ። ያ ላስቲክ ጸጉር ላይ ተጣብቆ አልወጣ ሲል እኛ ዘይት እንቀባዋለን። ዘይት ጎማውን ያልመዋል፣ ትንሽ ቆይቶ በጣት ይበጠሳል። ጠቋሚ ደግሞ ቅባት የሚቀባ ነገር ነው። በተለይ ቫዝሊን ከነካው ዕድሜ የለውም። ስለዚህ የጸጉር ላስቲክ ለአንድ ቀን መውጫ ይሁን። ለሚቆየው ከቧንቧ ጥገና ዕቃ ውስጥ ትንሹን ጥቁር ኦሪንግ ግዙ። የቧንቧ ኦሪንግ ብዙ ጊዜ ዘይት ከሚችል ጎማ የሚሠራ ነው። የውጪ ስፋቱ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ ክብደት ይጨምራል፣ ሊደሩም ላይ ይላወሳል።

ከእነዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ስል መቀስ፣ ጠንካራ ቀጭን ፈትል፣ የሱፐር ግሉ ጠብታና ሚዶ ነው። ለፈትሉ የጥርስ ክርም ይሆናል። ሚዶው የብረት ጥርስ ያለው ይሁን፣ ጥርሱም ጠጋ ጠጋ ያለ። የፕላስቲክ ሚዶ ክሩን ያንጨፈርረዋል፣ ጥርሱም ይሰበራል። የድመትና የውሻ ማበጠሪያ ተብሎ የሚሸጠው የብረት ሚዶ ከሁሉ ይሻላል፤ እኔ ከሳሎኔ ሚዶዎች አንዱንም ለዚህ አላስነካም።

አሠራሩ

ክሩን በ5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ቁረጡ። ለመካከለኛ ጠቋሚ ከዋናው ቀለም ሁለት፣ ከሁለተኛው ቀለም አንድ ቁራጭ። ማክራሜ ገመድ ከሆነ ወፍራም ስለሆነ አንድ ብቻ ቁረጡና ሽርቡን መጀመሪያ በወስፌ ወይም በመርፌ ፍቱት።

ቁራጮቹን አንድ ላይ አድርጋችሁ ቀለበቱ ውስጥ እስከ ግማሻቸው አስገቡ። ሁለቱን ጫፎች ወደ ላይ እጠፉ። አሁን ቀለበቱ ከታች ተንጠልጥሎ ክሩ ከላይ ቆሟል። ልክ ከቀለበቱ በላይ፣ የተቻለውን ያህል ተጠግታችሁ፣ በፈትሉ ከስድስት እስከ ስምንት ዙር አጥብቃችሁ ጠምጥሙ። ዙሩ አንዱ ባንዱ ላይ ይውጣ እንጂ ወደ ላይ አይሂድ። አንገቱ አጭር መሆን አለበት፤ አንገት ከረዘመ ጠቋሚው ውሃ ላይ ይጋደማል። ቋጥሩና ቋጠሮው ላይ ብቻ በመርፌ ጫፍ ትንሽ ሱፐር ግሉ ንኩ። ከጠርሙሱ በቀጥታ ካፈሰሳችሁ ክሩ ውስጥ ይሰርግና ጭንቅላቱን ድንጋይ ያደርገዋል። እስኪደርቅ አንድ አሥር ደቂቃ ተዉት። ሻይ ጠጡ።

አሁን ማበጠር ነው። ትዕግሥታችሁን ሁሉ እዚህ አውሉት። ቀለበቱን በጉጠት ወይም በሁለት ጣት ጥብቅ አድርጋችሁ ያዙ። የተጠላለፈ ጸጉር እንደሚፈታው ከጫፍ ጀምሩ። መጀመሪያ የላይኛውን ግማሽ ሴንቲ፣ ከዚያ ትንሽ ወረድ፣ ከዚያ እስከ አንገቱ። ከሥር ጀምራችሁ ብትጎትቱ ፋይበሩ ከማሰሪያው ይነቀላል፣ የቀረውም ይቋጠራል። እያዟዟራችሁ ከአራቱም ወገን አበጥሩ። ጥቂት ፋይበር ሚዶው ላይ ይቀራል፤ ምንም አይደል። ጥምዝምዙ ጠፍቶ እያንዳንዱ ፋይበር ለየብቻው ቆሞ ክሩ ባዘቶ እስኪመስል ድረስ አታቁሙ። ብርሃን ላይ ስታነሱት በመሀሉ ማየት ከቻላችሁ ደርሷል። ጥቁር ሆኖ ብርሃን የከለከለ ቦታ ካለ እዚያ ውስጥ ገና ያልተፈታ አለ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ከውሃ የሚቀለው በጥቂቱ ነው፤ አሥር በመቶ ገደማ። ያ ብቻውን ኒምፉንና እሱን ወደ ታች የሚያወርደውን የእርሳስ ክብደት አይሸከምም። የሚሸከመው በፋይበሮቹ መካከል የታሰረው አየር ነው። ያልተበጠረ ወፍራም ጠቋሚ ከተበጠረ ትንሽ ጠቋሚ ቀድሞ ይሰምጣል። ሱቅ የተገዛ ጠቋሚ እንኳን ቢሆን እኔ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማደርገው እንደገና ማበጠር ነው።

ከተበጠረ በኋላ መከርከም። ከማበጠር በፊት አትከርክሙ፤ ያልተፈታ ክር ስትቆርጡ ምን ያህል እንደሚሰፋ አይታወቅም። መጀመሪያ አናቱን በአንድ ቁርጥ ደልድሉ፣ ከቀለበቱ 2 ሴንቲ ያህል ከፍ አድርጋችሁ። ቀጥሎ ጎኖቹን በትንሽ በትንሹ እያዞራችሁ ክብ አድርጉ። መቀሱን ቁልቁል ያዙት እንጂ አግድም አትያዙት፤ አግድም ከሆነ ደረጃ ደረጃ ይወጣል። በየመሀሉ አንድ ጊዜ አበጥሩና የተረሳውን ፋይበር ቁረጡ። ጫፉን በላይተር አትለብልቡት። ፕላስቲክ ስለሆነ ይቀልጥና ጠጣር እንክብል ይሆናል።

መጠኑ ሲያልቅ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል። ለዝቅተኛና ጥርት ላለ ውሃ ከ1 ሴንቲ ብዙ ያልበለጠ። ወንዙን ያሳዩኝ አንድ ጋሼ አሉ፤ ኤርፖርት ታክሲ ይነዱ የነበሩ። እሳቸው በጣም ትልቅ ነው የሚሠሩት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የባርኔጣ ፖምፖም ነው» እላቸዋለሁ።

«ዓይኔ ነዋ ልጄ! አንቺ ምን ቸገረሽ» ይሉኛል።

ዓይን ለደከመ ሰው እኔ የምመክረው መጠኑን ማሳደግ ሳይሆን ቀለሙን መቀየር ነው። ትልቅ ጠቋሚ ንፋስ ይይዛል፣ ስትወረውሩት ሊደሩን ያጠማዝዛል፣ ዓሣው ትንሽ ሲነካው ደግሞ አይነቃነቅም። ታች ያለውን ክብደት ለመሸከም የሚበቃው ትንሹ መጠን ነው ትክክለኛው።

ማጠንከሪያው ቅባት

ክሩ ራሱ ባይሰምጥም በፋይበሩ መካከል ያለው አየር በውሃ እንዳይተካ ቅባት ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ ነው የምሠራው። ቤት ውስጥ፣ ከመውጣቴ በፊት ባለው ምሽት፣ ለጨርቅ የሚሆን ውሃ የማያስገባ ስፕሬይ ነፍቼ ጋራዥ ውስጥ እሰቅለዋለሁ። አየር ያለበት ቦታ ይሁን፤ ሽታው ያፍናል። ሌሊቱን ይደር።

ወንዙ ጋ ስደርስ፣ ክሩ ገና ደረቅ እያለ፣ የሲልከን ፍሎታንት ጄል፣ ማለትም ማንሳፈፊያ ቅባት። አንድ ትንሽ ጠብታ ጣቴ ላይ አሽቼ አሽቼ እስኪቀጥን አደርገውና በፋይበሩ ውስጥ አሻሻለሁ። ከዚያ እንደገና አበጥራለሁ። ቅባት የበዛበት ጠቋሚ ፋይበሩ ተጣብቆ አየሩን ያጣል፤ ከደረቁም ይብሳል። አንድ ጊዜ ውሃ ከነካ በኋላ ጄል መቀባት ዋጋ የለውም፤ ውሃውን ውስጡ ታሽጉበታላችሁ። መስመጥ ከጀመረ በጨርቅ ጨምቁት፣ ዝንብ ማድረቂያ ዱቄት ካላችሁ እሱ ውስጥ ነቅንቁት፣ አበጥሩ፣ ከዚያ ቀቡ።

ሊደሩ ላይ ማሰር

ሊደሩን እጥፍ አድርጋችሁ ጆሮውን ቀለበቱ ውስጥ አሹልኩ። የወጣውን ጆሮ ከፈት አድርጉና የጠቋሚውን ጭንቅላት በሙሉ በጆሮው ውስጥ አሳልፉ። በምራቅ አርጥቡና ሊደሩን ግራና ቀኝ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ቀለበቱ ላይ ይቆለፋል። ጥልቀት መቀየር ስትፈልጉ ላላ አድርጋችሁ ማንሸራተት ነው፤ ቋጠሮ ስላልሆነ መቁረጥ የለም። ሊደሩ የቀጠነበት ቦታ ላይ ከተንሸራተተ ጭንቅላቱን በጆሮው ሁለተኛ ጊዜ አሳልፉት።

ቀለበት የሌለው ሰው በሸምቀቆም ይችላል። ሊደሩ ላይ ሸምቀቆ ሥሩ፣ 4 ሴንቲ ያህል ክር በመሀሉ አስገቡ፣ አርጥባችሁ አጥብቁ፣ ከዚያ እዚያው ላይ አበጥራችሁ ከርክሙ። ክሩን መዝዛችሁ ሊደሩን ስትስቡ ሸምቀቆው ይፈታል። ችግሩ ሊደሩ ላይ ስብራት ይተዋል። ለድንገተኛ ጊዜ እንጂ ለዘወትር አልወደውም። የኒውዚላንዶቹ ደግሞ ግማሽ ሴንቲ የማይሞላ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ሽቦው የወጣለት የኤሌክትሪክ ገመድ ልባስም ይሆናል። የሊደሩን ጆሮ በቱቦው አሹልከው የበግ ጸጉሩን ጆሮው ውስጥ ያስገባሉ፣ ሲስቡት ጸጉሩ ቱቦው አፍ ላይ ይታሰራል። ንጹሕ አሠራር ነው።

ጥልቀቱና አነባበቡ

ከጠቋሚው እስከ ክብደቱ ያለው ርቀት የውሃው ጥልቀት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ውሃው 1 ሜትር ከሆነ 1.5 ሜትር ማለት ነው። ፈጣን ውሃ ከሆነ እስከ ሁለት እጥፍ ውሰዱት። ገመዱ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ውሃው ይገፋዋል። የእርሳሱን ጠብታ ከኒምፉ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። የሚቻል ከሆነ ከእርሳስ ይልቅ ከቆርቆሮ የተሠራውን ግዙ፤ ለወፎቹም ይሻላል።

ለዚህ ወንዝ የትኛው ኒምፍ ለምትሉ፣ አርኤስ2 የማይጠፋበት ሳጥን የለም። ትውልደ ኮሪያዊው ሪም ቸንግ በ1970ዎቹ የፈጠረው ነው፤ የፈተነውም እዚሁ ሳውዝ ፕላት ላይ ነው። ከሌላ አገር መጥቶ የዚህን ወንዝ ዓሣ ከተወላጁ በላይ ያወቀ ሰው መኖሩ ደስ ይለኛል። ከ20 እስከ 22 ቁጥር መንጠቆ ላይ የተሠራውን ያዙ።

ጠቋሚው በትክክል እየሄደ መሆኑን የምታውቁት አረፋውን በማየት ነው። የወንዝ ታችኛው ውሃ ከላይኛው ይዘገያል። ስለዚህ ጠቋሚያችሁ አጠገቡ ካለው አረፋ ትንሽ ወደ ኋላ መቅረት አለበት። ከአረፋው እኩል የሚጋልብ ከሆነ ኒምፉ ታች አልደረሰም፤ ክብደት ጨምሩ ወይም ጠቋሚውን ከፍ አድርጉ። አረፋውን ከቀደመ ደግሞ ወፍራሙ ገመድ እየጎተተው ነው፤ በዘንጉ ጫፍ ገመዱን አንስታችሁ ወደ ላይኛው ውሃ መልሱት።

ዓሣ ሲነካ ሁልጊዜ አይሰምጥም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ቆም ማለት ነው። ወይም ቀለሙ ይዞራል። ወይም ወደ ጎን ግማሽ ስንዝር ይሄዳል። ድንጋይ ነው ዓሣ ብላችሁ አትመራመሩ፤ ዘንጉን ወደ ታችኛው ውሃ አቅጣጫ አጠር አድርጋችሁ አንሱ። ድንጋይ ከሆነ ምን ጎደለ? ከፍ አድርጋችሁ ከመነጠቃችሁ ግን ያ ቀጭን ገመድ ይበጠሳል፣ ዓሣውም መንጠቆ ይዞ ይሄዳል።

ክር የማይሆንበት ቀንም አለ። ኮሎራዶ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ንፋስ ክሩን ወደፈለገበት ይወስደዋል። ውሃው ሞልቶ ከባድ ክብደት ስታስሩም አይችልም። ያን ቀን ያለ ምንም ኩራት ኳሱን አስሩ። እኔም ቦርሳዬ ውስጥ አለኝ።

ለማጥመድ ለምትወጡ፣ እዚህ ግዛት ከ16 ዓመት ጀምሮ ፈቃድ ግዴታ ነው። የዓመቱ ፈቃድ ከማርች 1 እስከ ቀጣዩ ዓመት ማርች 31 ያገለግላል። ስለዚህ ፌብሩዋሪ ላይ ከመግዛት ትንሽ መታገሥ ያዋጣል።

አገር ቤት ያላችሁም አልተረሳችሁም። ባሌ ውስጥ፣ ዌብና ዳንካ ወንዞች ላይ ከኬንያ የመጣ ትራውት አለ። ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ስላለ ፈቃዱን እዚያ ጠይቁ። ለክሩ ሩቅ አትሂዱ። ባና የሚሠራበት የመንዝ በግ ጸጉር ሳይታጠብ ከነቅባቱ ቢገኝ የኒውዚላንዶቹ ሐሳብ ያው ነው። ወይም ገበያ ላይ ያለውን የፕላስቲክ ገመድ ጫፍ ፈትታችሁ በሳሙናው ውሃ ፈትኑት። ፋይበሩ ሻካራ ነው፤ ከተንሳፈፈ ግን ለማበጠር ተጨማሪ ጊዜ ስጡት እንጂ አትናቁት።

ስታስቀምጡት ጭንቅላቱ እንዳይጨፈለቅ ሰፊ አፍ ባለው የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ አድርጉ። ከወንዝ የመጣውን ግን ሳይደርቅ አትክደኑበት። የበግ ጸጉር ከሆነ ብል ይበላዋልና በደንብ የሚዘጋ ክዳን ይኑረው። የከረከማችሁትን ፋይበር ውሃው ላይ አትበትኑ፤ ፕላስቲክ ስለሆነ አይበሰብስም። ቤት ውስጥ ጋዜጣ አንጥፋችሁ ሥሩ፣ ወንዝ ዳር ከሆነም ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት።